አክተሩ አይሞትም፤ ደመወዙስ?

ደሴ ውስጥ ፊልም በፍላሽ ከሚጭኑት ቤቶች አንዱ ጋ ገብታችሁ «የብሩስ ካምቤል ፊልም አለ?» ብትሉ ልጁ ግራ ይጋባል። «ያ የገዛ እጁን በመጋዝ የቆረጠው ሰውዬ» ስትሉት ግን ፊቱ ይበራል። «እሱማ አለ ጋሼ፣ ሁሉንም ልጫንልዎት?» ይላል። ስሙን ባያውቅም ሰውዬውን ያውቀዋል። አገጩን ያውቃል። ጩኸቱን ያውቃል። በእጁ ፋንታ የገጠማትን የሞተር መጋዝማ ማን ይረሳል።

ካምቤል አሜሪካዊ የሆረር፣ ማለትም የአስፈሪ ፊልም፣ ተዋናይ ነው። ኦስካር የለውም። ሆሊውድም ከትልልቅ ኮከቦቹ ተርታ አስቀምጦት አያውቅም። ግን ከ40 ዓመት በላይ በትወና እንጀራ በልቷል፤ ዛሬም ይበላል። ከሱ በፊት ደግሞ በሆረር ስሙ ከሱ እጅግ የገነነ ሰው ባዶ እጁን ሞቷል። ልዩነቱ የችሎታ አይመስለኝም። የውል ነው። ነገሩ ትንሽ ውስብስብ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ «ከልት ፊልም» የሚባለውን እንጨርስ። ሲወጣ ሲኒማ ቤት አይሞላም። ተቺዎችም ብዙም አይጨነቁለትም። ግን ጥቂት ሰዎች ይይዙትና አይለቁትም። ደጋግመው ያዩታል፣ ለጓደኛ ያቀብሉታል፣ ንግግሩን በቃላቸው ይይዙታል። ፊልሙ የሚኖረው በማስታወቂያ ሳይሆን በቅብብል ነው።

ሆረር ለዚህ ይመቸዋል፤ ርካሽ ነዋ። ሰው ለማስደንገጥ ስመ ጥር ተዋናይ አያስፈልግም። ጫካ፣ ጨለማና ሲጢጥ የሚል በር ይበቃል። ክረምት ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ሐረጎ ላይ ጉም የያዘው ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይጠይቅም። ስለዚህ ገንዘብ የሌላቸው ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ በሆረር ይጀምራሉ። ገንዘብ የሌለው ደግሞ ተዋናዩን በደንብ አይከፍለውም። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደግን ሰዎች አንድ የማይሻር ሕግ ነበረን፤ አክተሩ አይሞትም። በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን አይተን፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተን፣ በብርድ ልብስ በተጋረደው መስኮት ሥር የተማርነው ሕግ ነው። በአክሽን ፊልም ይሠራል። ሆረር ላይ ግን ተገለበጠ። አክተሩም ይሞታል፣ ጓደኞቹም ያልቃሉ፤ የማይሞተው ጭራቁ ነው። በሚቀጥለው ክፍል የሚመለሰውም እሱ ነው። ጭራቁ ደግሞ የስቱዲዮው ንብረት ነው። ከጭምብሉ ሥር ያለው ሰውዬ ግን ተቀጣሪ ነው።

ይህ በደንብ የሚታየው በቤላ ሉጎሲ ሕይወት ነው። ሉጎሲ በ1882 ሉጎስ በምትባል፣ ያኔ በሃንጋሪ ሥር በነበረች፣ ዛሬ ሩማንያ ውስጥ ባለች ከተማ ተወለደ። በ1927 ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ ደም መጣጩን ድራኩላን በመድረክ ተጫወተ፤ ተወደደለት። ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ፊልሙን ሊሠራ ሲነሳ ሉጎሲ ቦታውን አጥብቆ ፈለገ። አጥብቆ እንደሚፈልግ ስቱዲዮውም ገባው። የተዋዋሉት በሳምንት 500 ዶላር ለሰባት ሳምንት ነው። በድምሩ 3,500 ዶላር። በዚያው ፊልም ወጣቱን ፍቅረኛ ሆኖ የሠራው ዴቪድ ማነርስ በሳምንት 2,000 ዶላር ያገኝ እንደነበር ይነገራል። የማነርስን ፊት ዛሬ የሚያስታውስ ስንት ሰው አለ?

ፊልሙ በ1931 ወጣና ገነነ። ሉጎሲ ግን ከዚያ በኋላ ከድራኩላ መውጣት አቃተው። ያ ከባድ የሃንጋሪ አነጋገሩ ድራኩላን ድራኩላ ያደረገው ነበር፤ ሌላ ቦታ ሲጠይቅ ደግሞ በር የሚዘጋበት እሱው ሆነ። ቀስ በቀስ ወደ ትንንሾቹ ስቱዲዮዎች ወረደ። ለእግሩ ሕመም የታዘዘለት ሞርፊን ሱስ ሆነበት። በ1955 ራሱ ሄዶ «አክሙኝ» ብሎ የመንግሥት ሆስፒታል ገባ። በነሐሴ 1956 ሞተ። የተቀበረው በድራኩላ ካባው ነው።

ከሞተም በኋላ አልተላቀቀም። ኤድ ዉድ የተባለ ዳይሬክተር ሉጎሲን የቀረጸባት ጥቂት ደቂቃ ምስል ነበረችው። ሌላ ፊልም ሠራና እሷን ሰካባት። የቀረውን ክፍል ማን ሞላው? የዳይሬክተሩ ሚስት ወጌሻ! ካባውን እስከ ዓይኑ ስቦ፣ ፊቱን ሸፍኖ ሉጎሲ ነኝ አለ። በቁመትም በመልክም አይመሳሰሉም። አክተሩ አይሞትም ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ሕጉ። ስቱዲዮው የድራኩላን መልክ፣ ማለትም የሉጎሲን ፊት፣ ለአሻንጉሊትና ለጭምብል ሻጮች ያከራይ ጀመር። መበለቱና ልጁ ከሰሱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀና በ1979 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰነባቸው። ፍርድ ቤቱ ያለው በአጭሩ ይህን ነው፤ ሰው በገዛ መልኩ የመነገድ መብት አለው፣ ግን በሕይወት እያለ ካልተጠቀመበት ለወራሽ አይተላለፍም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ካሊፎርኒያ የዝነኛ ሰው መልክ ለወራሾቹ እንዲተላለፍ የሚያደርግ ሕግ አወጣች። ለሉጎሲ ቤተሰብ ክስ ግን ረፍዶ ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ይምታታሉ። አንዱ ፊልሙ የማን ነው የሚለው ነው። ሌላው ፊልሙ በተደጋገመ ቁጥር ተዋናዩ ይከፈለዋል ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው የተዋናዩ ፊት የማን ነው የሚለው ነው። ሦስቱም የተለያዩ መብቶች ናቸው፤ አንዱን ስላገኙ ሌላው አብሮ አይመጣም። ሉጎሲ ሦስቱንም አልነበረውም።

የዘመኑ ሰው ቦሪስ ካርሎፍ ይሻላል። በ1931 የፍራንከንስታይንን ጭራቅ ሲሠራ ዕድሜው ወደ 44 ነበር። ሜካፑ ብቻ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። በፊልሙ መጀመሪያ ላይ የተዋንያን ስም ሲዘረዘር በጭራቁ ቦታ የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ነው። ስሙን እንኳ ነፈጉት! ካርሎፍ ግን ያን ሁሉ ሰዓት በሜካፕ ተለጉሞ መቆየቱን ዝም ብሎ አላለፈውም። በ1933 የአሜሪካ የፊልም ተዋንያን ማኅበር ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሆነ። ያ ማኅበር በ1960 የሥራ ማቆም አድማ መታና የድጋሚ ክፍያን አስፈቀደ። ፊልሙ በቴሌቪዥን በታየ ቁጥር ለተዋናዩ የሚደርሰው ገንዘብ ማለት ነው። ስምምነቱ ግን የሚሠራው ከ1960 ወዲህ ለተሠሩ ፊልሞች ነው። ለቀድሞዎቹ የጡረታና የሕክምና ፈንድ ተቋቋመ፣ የድጋሚ ክፍያው ግን ቀረ። የድሮዎቹ ጭራቆች በየሳምንቱ ማታ በቴሌቪዥን እየወጡ ሕፃን ሲያስለቅሱ ተዋንያኑ ሳንቲም አያገኙም ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ፤ ፊልሙ ራሱ ባለቤት ሲያጣ። በ1968 ጆርጅ ሮሜሮ ፔንስልቬንያ ውስጥ በ114,000 ዶላር ገደማ የሠራው የዞምቢ ፊልም መሪ ተዋናዩ ዱዌን ጆንስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አከፋፋዩ የፊልሙን ርዕስ ቀየረ። አዲሱን ርዕስ ሲያስገባ «የቅጂ መብቱ የእገሌ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ ሳያስገባ ቀረ። በዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሕግ ማስታወቂያው ከሌለ መብቱ የለም። ስለዚህ ፊልሙ የሕዝብ ሆነ፤ ያሻው ሁሉ አባዝቶ ሸጠው። የዛሬው ዞምቢ ሁሉ አያት የሆነው ሥራ ለሠሪዎቹ የሚገባውን አላመጣም። ጆንስ ወደሚወደው ወደ ቴአትርና ወደ ማስተማሩ ተመለሰ፤ በ1988 አረፈ።

ካምቤል ከነዚህ ሁሉ ለምን ተለየ? ጨዋታው የሚገባን በኛው በእርሻ ነው። መሬት በእኩል የሚያርስ ሰው ዘሩንም በሬውንም ላቡንም ያወጣል። ዝናብ ከቀረ አብሮ ይከስራል። ከሰመረለት ግን አውድማው ላይ ቆሞ ድርሻውን ያሰፍራል። የቀን ሠራተኛው ማታ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ አዝመራው ቢያምርም ባያምርም አይመለከተውም። ሉጎሲ የቀን ሠራተኛ ነበር። ካምቤል በእኩል አረሰ።

አስቦበት ነው ማለቴ አይደለም። ሌላ ምርጫ አልነበረውም። በ1958 ዲትሮይት አካባቢ ተወለደ። ኋላ ዳይሬክተር የሆነውን ሳም ሬይሚን ያወቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በትንሽ ካሜራ አስቂኝ ፊልም እየቀረጹ አደጉ። ሮብ ታፐርት ሲጨመር ሦስት ሆኑና ኩባንያ አቋቋሙ። ሆረር የመረጡት ስለሚወዱት ብቻ አይደለም፤ ገበያ ስላለው ነው። 1,600 ዶላር ገደማ የፈጀ አጭር የሙከራ ፊልም ሠሩ። እሱን ለጥርስ ሐኪሙም ለጠበቃውም እያሳዩ «ገንዘብ አዋጡ» ብለው ለመኑ።

በ1979 መጨረሻ፣ ኋላ «ዘ ኢቪል ዴድ» የተባለውን ፊልም ለመቅረጽ፣ ቴነሲ ጫካ ውስጥ አንዲት የተተወች የእንጨት ቤት አገኙ። ውሃ የለም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሠራተኛው እዚያው ተጠጋግቶ ያድራል። ቀረጻው ሊያልቅ ሲል ለሙቀት የቤት ዕቃውን እስከ ማንደድ ደረሱ። ደሙ ከበቆሎ ሽሮፕ፣ ከቀይ የምግብ ቀለምና ቡና ላይ ከሚነሰነስ የክሬም ዱቄት የተሠራ ነው። ልብስ ላይ ሲደርቅ እንደ ከረሜላ ይሆናል። የካምቤል ሸሚዝ እሳት ዳር ደርቆ፣ ሊለብሰው ሲል ስንጥቅ ብሎ ተሰበረ ይባላል። ጭራቅ የሆኑት ተዋንያን ዓይናቸው ላይ የሚገባው ነጭ ሌንስ ወፍራም ነበር፤ አያሳይም፣ ከጥቂት ደቂቃ በላይም አያስቆይም። ያቺ በጫካው ውስጥ እየተምዘገዘገች የምትመጣ ካሜራስ? ሐዲድ የለም፣ ክሬን የለም። ካሜራዋን ጣውላ ላይ አሰሯት። ሁለት ሰው ጣውላውን ግራና ቀኝ ይዞ ሮጠ። በቃ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፊልሙ ከማኅበሩ ውጭ የተሠራ ነው። የማኅበሩ አባል የሆኑት ተዋንያን እንዳይቀጡ በሐሰተኛ ስም ነው የተጻፉት። ከማኅበር ውጭ ከተሠራ የድጋሚ ክፍያው አብሮ አይመጣም። ስለዚህ ያኔ ተዋናይ ብቻ ከሆንክ ሉጎሲ ነህ። ካምቤል ግን ከፕሮዲውሰሮቹም፣ ማለትም ከፊልሙ አሠሪዎች፣ አንዱ ነበር። ገንዘቡ መሃል ላይ አለቀ። ፊልሙ ደግሞ ሲኒማ ቤት እንዲታይ ወደ ሰፊው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጥቅል መገልበጥ አለበት። ካምቤል ሰሜን ሚሺጋን ያለውን የቤተሰቡን ንብረት አስያዘ። ወላጆቹን ምን ብሎ አሳመናቸው ይሆን? እኔ ብሆን የአባቴን መሬት ለዞምቢ ፊልም ላስይዝ ብዬ ቤት አልገባም ነበር።

«ዘ ኢቪል ዴድ» በጥቅምት 1981 ዲትሮይት ውስጥ ተመረቀ። የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ነሱት። ፈረንሳይ ውስጥ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ግን ደራሲው እስጢፋን ኪንግ አየውና አወድሶ ጻፈ። ከዚያ በሮች ተከፈቱ። እንግሊዝ ውስጥ በቪዲዮ ካሴት ገነነ፤ ባለሥልጣናቱ ደግሞ ክስ ሊመሠረትባቸው ይገባል ካሏቸው ቪዲዮዎች ዝርዝር ውስጥ ከተቱት። መከልከሉ ያስታወቀውን ያህል ማስታወቂያ አያስታውቅም። ያኔ ካሴት ለፊልም ሁለተኛ ሕይወት ሆነ። ሲኒማ ቤት ሁለት ሳምንት ከሚቆይ ፊልም ይልቅ ሰው ቤቱ ወስዶ ለጎረቤት የሚያውሰው ፊልም ረጅም ዕድሜ አገኘ።

በ1987 ሁለተኛው መጣ። ካምቤልን ካምቤል ያደረገው ይሄኛው ነው። ያችን ትዕይንት አንዴ በደንብ እዩዋት። ቀኝ እጁ ሰይጣን ይገባባትና ትከዳዋለች። ሳህን አንስታ ጭንቅላቱ ላይ ትሰብራለች። ሌላ ሳህን፣ ደግሞ ሌላ። ፀጉሩን ይዛ ትጎትተዋለች። አየር ላይ ገልብጣ ወለል ላይ ትጥለዋለች። እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ ተዋናይ የለም! መቺውም ተመቺውም ራሱ ነው። ግማሽ አካሉ ይፈራል፣ ግማሹ ይማታል። ተመልካች መሳቅና መደንገጥ መሃል ይቀራል። ለዚህ ችሎታ ሽልማት የለም። ግን ትልቅ የምላቸው ተዋንያን ይህን ቢሞክሩት የሚሳካላቸው ጥቂት ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ።

ሆሊውድ ግን አልተወራረደም። ሬይሚ ካምቤልን መሪ ሊያደርገው በፈለገ ቁጥር ስቱዲዮ «ስሙ አይሸጥም» ይላል። በ1985 አንድ ፊልም ላይ መሪነቱን ነፍገው ትንሽ ቦታ ሰጡት። በ1990 «ዳርክማን» ላይ ቦታውን ሊያም ኒሰን ወሰደ፤ ካምቤል በመጨረሻዋ ቅጽበት ብቻ ብቅ ይላል። በኋላ ሬይሚ የስፓይደርማን ፊልሞች ዳይሬክተር ሲሆን ጓደኛውን በሦስቱም ውስጥ ሸጎጠው፤ አንዴ የትግል አስተዋዋቂ፣ አንዴ የቴአትር ቤት አስተናባሪ፣ አንዴ የምግብ ቤት አስተናጋጅ። ወዳጅነት ይሉሃል።

የቀረውን በቴሌቪዥን ሞላው። በ1993 የጀመረው የካውቦይ ድራማ ከአንድ ወቅት (ሲዝን) በኋላ ተቋረጠ። ከዚያ ሬይሚና ታፐርት ኒውዚላንድ ውስጥ በሚያዘጋጁት «ሄርኩለስ» እና «ዚና» ላይ የሌቦች ንጉሥ ሆነ፤ ክፍሎችንም ዳይሬክት አደረገ። ከ2007 እስከ 2013 ለሰባት ወቅት የስለላ ድራማ ላይ ሠራ። ስቱዲዮ ባይወደውም ቋሚ ደመወዝ ወደደው።

ድርሻው ግን መሥራቱን አላቆመም። በ2013 «ዘ ኢቪል ዴድ» በአዲስ ተዋንያን እንደገና ሲሠራ ካምቤል ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነበር። ከ2015 እስከ 2018 እሱው ራሱ፣ ሆዱን በቀበቶ አጥብቆ፣ በቴሌቪዥን ተከታታይ ተመለሰ። ሲቋረጥ «ከእንግዲህ በአካል አልጫወተውም» አለ። በ2023 ሌላ ፊልም ወጣ፤ ፊቱ የለም፣ ድምፁ ከአሮጌ ሸክላ ላይ ለቅጽበት ይሰማል፤ ስሙ ግን ከሥራ አስፈጻሚ ፕሮዲውሰሮቹ ጋር አለ። ሉጎሲ ከነካባው ተቀበረ። ካምቤል ካባውን ለሌላ ሰው አልብሶ ድርሻውን ይቀበላል።

ሌላም ገቢ አለ፤ የአድናቂዎች ጉባኤ። አሜሪካ ውስጥ በየከተማው ይዘጋጃል። ተዋናዩ ጠረጴዛ ይሰጠዋል፣ አድናቂው ተሰልፎ ለፊርማና ለፎቶ ይከፍላል። ስም ያለው ተዋናይ ከአዘጋጁ ዝቅተኛ ዋስትና ይዋዋላል። ከጠረጴዛው ያገኘው ከዚያ ካነሰ አዘጋጁ ይሞላለታል፣ ከበለጠ የራሱ ነው። ከማንኛውም ስቱዲዮ ፈቃድ አይጠይቅም። ለብዙ የሆረር ተዋንያን የእርጅና ጡረታቸው ይሄ ጠረጴዛ ነው። ስላቅ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ ግን ከሁሉም ንጹሑ ገንዘብ ይመስለኛል፤ የወደደው ሰው በቀጥታ ለወደደው ሰው ይከፍላል።

ይህን ሁሉ የማወራው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ስልክ ይዘው አጭር ፊልም የሚቀርጹ ልጆች ስላሉ ነው። ወሎ በድምፅም በመድረክም ሰው አጥቶ አያውቅም። ውል ግን ያጣል። በካሴት ዘመን ድምፃዊው አንዴ ተቆርጦ ተሰጠው፤ አምባሰሉ በየሠርጉ ለዓመታት ሲዘፈን እሱ ዘንድ የሚመጣ ነገር የለም። ዛሬ በወረቀት ደረጃ ነገሩ ተሻሽሏል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲውንም የተዋናዩንም መብት ያውቃል፤ የከዋኙን መብት ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በ2007፣ ይሄም በኛው አቆጣጠር፣ በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሕግ ቢኖርም ግን በተግባር ብዙውን ነገር የሚወስነው የፈረማችሁት ወረቀት ነው።

ስለዚህ ጓደኛ ለጓደኛም ቢሆን፣ ከቀረጻው በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። ፊልሙ የማን ነው? ዩቲዩብ ላይ ቢወጣ ገቢው እንዴት ይካፈላል? ፊቴን ፖስተር ላይና ቲሸርት ላይ ብትሸጠው ድርሻዬ ስንት ነው? «እናንተ ልጆች ገና ሳትሠሩ ትከፋፈላላችሁ» የሚል ፕሮዲውሰር አይጠፋም። ይበል። ፐርሰንት ካልሰጠ ደመወዙን ከፍ ያድርግ። ሁለቱንም እምቢ ካለ ቢያንስ ክፍል ሁለት ሲሠራ የሚለውን አንቀጽ አስገቡ። ሆረር ከሆነ ክፍል ሁለት መኖሩ አይቀርም።